ማዶ የማያደርስ ድልድይ

ባለፈው ሰሞን መርሳ ገበያ ብርቱካን ስመርጥ ነጋዴው ጡረታ መውጣቴን ሰምቶ ኖሮ «አያ እንድሪስ፣ ለመሆኑ ዕድሜዎን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነው የኖሩት?» አለኝ።

«ድልድይ» አልኩት።

«የትኛውን?»

«ከግራና በላይ፣ ግድቡ ውሃ ላይ ያለውን።»

ብርቱካኑን ትቶ ሳቀብኝ። «እሱማ ምኑ ድልድይ ነው! ማዶ አያደርስ!»

እውነቱን ነው፤ አያደርስም። ከዳር ተነስቶ ውሃው መሃል ይገባና እዚያው ያበቃል። የሄደበት ሰው ትንሽ ቆሞ ነፋስ ይቀበልና በመጣበት ይመለሳል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ፣ ከባድ መኪና ካሻገሩት ድልድዮቼም ጭምር፣ አንገቴን ቀና የሚያደርገኝ እሱ ነው። ምክንያቱን ለብርቱካን ነጋዴው ላስረዳ ብል ገበያው አይመችም። ጉልበቴ አሻፈረኝ ብሎ መዶሻዬን ካስረከብኩ ወዲህ ደግሞ ጊዜ ተርፎኛልና እዚህ ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ውርጌሳ ነው። በእኛ ጊዜ የወሎ ጎረምሳ እጁ ሥራ ሲያጣ እግሩ ወደ አሰብ ይመራው ነበር። እኔም ሄድኩ። መጀመሪያ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ፤ የሚከፈለኝ በልቶ ለማደር ብቻ ስለሚበቃ እሱን ልተወው። ከዋናው ወደብ ራቅ ብሎ አንድ አሮጌ ጀቲ ነበር። ጀቲ የምንለው በእንጨት ምሰሶ ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የሚገባ መተላለፊያ ነው። ማን እንደሠራው ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል፤ ጣልያን ነው የሚል አለ፣ አንድ የየመን ነጋዴ ነው የሚልም አለ። ብቻ ድሮ ትንንሽ ጀልባዎች ዕቃ ያራግፉበት ነበር። ለትልልቆቹ መርከቦች ሌላ መቆሚያ ሲሠራ ግን ሥራ ፈታ።

ሰው ጀቲውን የወደደው ሥራ ከፈታ በኋላ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ጠረጴዛ አቁማ የሎሚ ጭማቂ መሸጥ ጀመረች። ቀጥሎ ፎቶ አንሺ መጣ፤ ሸራ ላይ መርከብ አሥሎ ሰውን ከፊቱ እያቆመ ያነሳል። እውነተኛው መርከብ ከጀርባው ቆሞ እያለ ሰው የሸራውን ይመርጥ ነበር፣ ቀለሙ ያምራል እያለ። ወደ ማምሻው ሙቀቱ በረድ ሲል ከተማው ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። ሕፃናት በገመድ ጫፍ ሥጋ አስረው ሸርጣን ያጠምዳሉ። የተኳረፉ ባልና ሚስት እንኳ ይታረቁበት ነበር፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሌላ መሄጃ ስለሌላቸው መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል።

ያንን ጀቲ የሚጠግነው ጋሽ ተክሌ የሚባል አናጢ ነበር። ከጆንያ ሥር አውጥቶ ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሽ ተክሌ ማለዳ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል። ከዳር እስከ ጫፍ በባዶ እግሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ጣውላው ላላ ያለበት፣ ሚስማሩ የተነሳበት፣ ሥሩ የበሰበሰበት ሁሉ በውስጥ እግሩ ይገባዋል። «ጫማ ይዋሻል» ይለኝ ነበር። ሲመለስ ደግሞ በመዶሻው እጀታ ምሰሶዎቹን እየመታ ጆሮውን ይጥላል። ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የባሕር ትል የበላው ግን ይታፈናል። መፋቂያው ከአፉ ስለማይወጣ ከሚናገረው ግማሹ አይሰማም፤ የሚሰማው ግን አይረሳም። አንድ ቀን ለጥገናው የሚሆን አሸዋ በጆንያ የተጫነበትን ጋሪ በጀቲው ላይ ስገፋ አየኝና «ይሄ አያስፈራኝም» አለኝ። «ጆንያ ባስቀመጥከው ይቀመጣል። የሚያስፈራኝ ሰው ነው። ሰው ልቡ ወደ ወደደው ይሄዳል።» ያን ጊዜ ነገሩ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ዘመን ሲለወጥ አሰብን ለቀን ወጣን። ወልድያ ገብቼ በርና አልጋ ስሠራ ቆየሁ፤ ከዚያ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ አናጢ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃችን «ቶሎ በል» የሚባል ነበር፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐራ አካባቢ አንድ ወንዝ ላይ የእንጨት ድልድይ ሠርተን ስንጨርስ መኪናው ይለፍ አለ። ጫማዬን አውልቄ ልሂድበት ስል «ልትሰግድበት ነው እንዴ?» ብሎ ሠራተኛውን አሳቀብኝ። መሃል ላይ ስደርስ አንዱ አግዳሚ ከእግሬ ሥር ልምጥ ሲል ተሰማኝ። ገልብጠን ስናየው ርዝመቱን ሙሉ ተሰንጥቋል። ቶሎ በል ላብ አጠመቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድልድይ በተሠራ ቁጥር ቀድሞ ጫማውን የሚያወልቀው እሱ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረትም ለአዲስ ሠራተኛ የሚተርተው እሱ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ሐራ ካምፕ ገብቼ ለኮንክሪት የሚሆን የእንጨት ቅርጽ ስሠራ ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ከግራና በላይ ግድቡ የተሠራው በነዚያ ዓመታት ነው። የመስኖ ግድብ ነው፤ ለሽንኩርቱ፣ ለበቆሎው፣ ለማንጎው። ውሃው ሲሞላ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። እሑድ እሑድ ከመርሳም ከወልድያም ሰው ውሃ ሊያይ ይጎርፍ ጀመር። ባሕር አይቶ የማያውቅ አገር ነው፤ ዳሩ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ውሃውን ሲያይ ይውላል። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ መጥተው የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሲሆን አይቻለሁ። የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መዝናኛ ሊያደርጉት ሲመክሩ ሰማሁና ሄጄ የአሰቡን ጀቲ አጫወትኳቸው። ስናገር ድምፄ ራሱ ተለወጠብኝ። ይሄን ያህል ዓመት ሆዴ ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከመሞቴ በፊት ያንን ነገር በአገሬ ውሃ ላይ ማቆም ፈለግሁ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ነገር ግን ውሃው ባለቤት አለው። አያ ሙሔ ይባላሉ፤ ግድቡ ሳይሠራ፣ ገና ወንዝ ሳለ ጀምሮ የውሃ አባት ናቸው። ገበሬው መርጧቸው ተራ የሚያወጡ፣ ቦይ የሚያስከፍቱና የሚያስዘጉ እሳቸው ናቸው። ሐሳባችንን ስንነግራቸው ምርኩዛቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሰሙን።

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ አሉ» አሉ። «እናንተ ደግሞ ሚስማር ልትመቱበት ነው? ወዴት ነው የሚያሻግረው?»

«የትም አያሻግርም አያ ሙሔ» አልኳቸው። «ሰው ይሄድበታል፣ ይመለሳል።»

«አጀብ! እግር ሥራ የፈታበት አገር!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸው ጠነከረ። «ስሙኝ። ለእናንተ ሽርሽር ብዬ አንዲት ጀሪካን ውሃ አልይዝም። በጋ ሲሆን ቦዩ ይከፈታል፣ ውሃው ይወርዳል። ድልድያችሁ ጭቃ ላይ ቢገተር የኔ ጉዳይ አይደለም።»

ይሄ ነገር ነው ሥራውን የለወጠው። ውሃው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ መንሸራሸሪያውም አብሮት ከፍና ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ በምሰሶ ፋንታ በበርሜል ላይ እንዲንሳፈፍ ወሰንን። ዕቅዱን ያወጣችልን ሰናይት የምትባል የወልድያ ልጅ ናት፤ መሐንዲስ ነች፣ ጎበዝ ነች፣ እኔን አናጢ ብላ አልናቀችኝም። እሷ ስታሰላ እኔ ስቆርጥ፣ መተላለፊያውም ጫፉ ላይ ያለው ሰፊ መድረክም ተሠራ። ባዶ በርሜሎቹን አፋቸውን ደፍነን ከሥር አሰርናቸው። አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድረንበት ስንፈትሸው ንቅንቅ አላለም። ሰናይት «ጋሽ እንድሪስ፣ ሰዉ ግን ተበታትኖ ይቁም፣ አንድ ጎን እንዳይከማች» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። ለወጣቶቹም ነገርን፤ እሺ አሉ።

የምረቃው ቀን መጣ። መስከረም ወጥቶ ውሃው ጢም ብሏል። ሼህ አደም፣ የአካባቢው ትልቅ አባት፣ ዱዓ ሊያደርጉ ተጋብዘዋል። የደጋው ቄስ መምሬ ካሳም ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተዋል። አያ ሙሔም አልቀሩም፤ ስታፍሩ ለማየት ነው የመጣሁት አሉ፣ ደግሞም አልደበቁትም። ሰዉ መድረኩ ላይ ተበታትኖ ቆመ። እስከዚህ ድረስ እንደ ዕቅዳችን ነበር።

ሼህ አደም ሲመጡ ቂብላውን፣ የመካውን አቅጣጫ፣ ጠየቁ። ቂብላ ለእኛ ወደ ሰሜን ነው። እሳቸውም ሄደው በመድረኩ ሰሜን ጥግ፣ ከውሃው አፋፍ፣ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። በእኛ አገር ዱዓ ሲደረግ ከኋላ የሚቀር ሰው የለም። ምርቃት ከሩቅ አይደርስም ይመስል እናት ልጇን ታቅፋ ትጋፋለች፣ ክርስቲያኑም እጁን ይዘረጋል። ወጣቶቹ «ተበታተኑ!» ብለው ሊጮሁ ነውር ሆነባቸው፤ ዱዓ ላይ ማን ይጮሃል? እኔም አፌ ተያዘ። ሼሁ «ዝናቡን የሰላም፣ አዝመራውን የበረካ…» ሲሉ ያ ሁሉ ሰው ወደዚያ ጥግ ጠጋ፣ ደግሞ ጠጋ አለ። የጋሽ ተክሌ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፣ ከረፈደ በኋላ።

ጥጉ ሰመጠ፣ ማዶው ጥግ ከነበርሜሉ ወደ ላይ ተነሳ፣ ሰው በሰው ላይ እየተንሸራተተ ውሃ ገባ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳሩ ሩቅ አልነበረም፣ ዋና የሚችሉ ወጣቶችም ነበሩ፤ አንድ ሰው አልጠፋም። ሼህ አደምን እኔው በወገባቸው ይዤ አወጣኋቸው። የመምሬ ካሳ ጃንጥላ ተከፍቶ ብቻውን ሲንሳፈፍ ይታያል። አያ ሙሔ ውሃውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተዳድሩት ኖረው ገብተውበት አያውቁም ነበርና ከሁሉም የባሰ የደነገጡት እሳቸው ናቸው። ከዳር ወጥተው ውሃ እየተፉ «ወላሂ፣ ሁለተኛ እግሬን እዚህች ድልድይ ላይ አላሳርፍም!» ብለው ማሉ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በማግስቱ መርሳ ላይ ዜናው እኔ የሰው ልጅ ልጨርስ እንደነበር ሆኖ ይወራል። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን እንደዚያው ነበር የማየው። ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁ፤ ምግብ እንቢ አለኝ። ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ፤ አጀንዳው አንድ ነው፣ መንሸራሸሪያው ይፍረስ ወይስ አይፍረስ። ስገባ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

«ይፍረስ» አሉ አያ ሙሔ። «በርሜሉም ለማንጎ ችግኝ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሁን። ቢያንስ ለቁም ነገር ይዋል።»

አብዛኛው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። በሩ ላይ ከዘራ ሲያንኳኳ የተሰማው ይኼኔ ነው፤ ሼህ አደም ገቡ። ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሳን።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። የእናንተን ስብሰባ ላበላሽ አይደለም የመጣሁት። እኔ ያልጨረስኩት ጉዳይ አለኝ።»

«ምን ጉዳይ ሼሃችን?» አሉ አያ ሙሔ።

«ዱዓው። ‹አዝመራውን የበረካ› ብዬ አሚን ሳይባል ነው ውሃ የጠጣነው። አሚን ያልተባለበት ዱዓ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።»

በእኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ተጀምሮ የተተወ ዱዓ ካልተጀመረው ይብሳል የሚል ሽማግሌ ብዙ ነው።

«እሱማ መስጊድ ይጨርሱታ» አሉ አያ ሙሔ፣ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ።

«መስጊድ አልጀመርኩትማ! ውሃ ላይ ጀመርኩት፣ ውሃ ላይ እጨርሰዋለሁ። ወይስ አዝመራህን ከዱዓው መሃል አውጥቼ ልተወው ሙሔ? አንተው ምረጥ።»

አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላውም ተከተለው። አያ ሙሔ ብቻ አልሳቁም። ሼሁ ወደኔ ዞሩና «እንድሪስ፣ አብሽር። ወድቄ የወጣሁት በአንተ እጅ ነው። እንዳልወድቅ አድርገህ ሥራልኝ» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፣ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚባለውን ሥራ ሠራሁ። ሰናይት ከወልድያ መጥታ ዳሩ ጭቃ ላይ ቁጭ አለች፣ በስንጥር እየሣለች። «የኔ ስሌት ሰው ቦታውን ይዞ ይቆማል ብሎ ነው» አለች። «ሰው ግን አይቆምም። ስለዚህ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ቢከማች እንዲችል አድርገን እንሥራው።» ጎንና ጎኑን መድረኩን አሰፋችው፣ በርሜሉን ወደ ጠርዞቹ አበዛችው። እኔ ደግሞ ጋሽ ተክሌን አስቤ ሌላ ነገር ጨመርኩ፤ ሰው የሚወደውን ሁሉ መሃል እናድርገው አልኩ። የሽማግሌ መቀመጫውን፣ የሻይ ጠረጴዛውን፣ ጥላውን ሁሉ መሃል አደረግን። ገበሬው ደቦ ወጣ። ከላይ ከደጋው የመምሬ ካሳ ሰዎች እንጨት ተሸክመው ወረዱ፣ ቆላው ገመድና ጉልበት አመጣ። ያን ጊዜ ውሃው በቦይ እየተለቀቀ ዝቅ ይል ጀምሮ ነበር፤ መንሸራሸሪያውም ሳይንገራገጭ አብሮት ዝቅ አለ። አያ ሙሔ ከሩቅ ቆመው ያዩታል፣ አይጠጉም።

ፈተናው በጆንያ አልሆነም። ሰናይት የመርሳን የጭፈራ ቡድን አስመጣች፤ ዋና የሚችሉ ወጣቶች ናቸው፣ ወገባቸው ላይ ባዶ ጀሪካን አሰርንላቸው። አምባሰሉን እየዘፈኑ ሲጨፍሩ ድንገት «ወደ ሰሜን!» ትላለች፣ ሁሉም እየሳቁ ወደ ሰሜን ጥግ ይሮጣሉ። «ወደ ምሥራቅ!» ትላለች። እኔ በባዶ እግሬ ቆሜ መድረኩን አዳምጣለሁ። አንድ ጥግ ላይ ሲሰፍሩ መድረኩ ትንሽ ያጎነብስና ይቆማል። ደጋግማ አስሮጠቻቸው፣ ደጋግሞ ያጎነብስና ይቆማል። በመጨረሻ እሷም ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ቆመችና «ሰማሁት ጋሽ እንድሪስ» አለችኝ።

ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ከፊተኛው የሚበልጥ ሰው መጣ፤ ግማሹ ለዱዓ፣ ግማሹ ስንወድቅ ለማየት። አያ ሙሔ ከዳር ካለው ሾላ ሥር ቆሙ። ሼህ አደምን ቀስ አድርጌ ደግፌ መድረኩ መሃል ወዳለው መቀመጫ ወሰድኳቸው። መቀመጫውን አዩት፣ በእጃቸው ዳበሱት፣ «ማሻአላህ፣ ያምራል» አሉ፤ አልተቀመጡበትም። አልፈውት ሄዱ። ወደዚያው ሰሜን ጥግ፣ ወደ ወደቁበት ቦታ።

«ሼሃችን፣ እዚህ መሃል ነው መቀመጫዎ» አልኳቸው።

«ካቋረጥኩበት ነው የምጨርሰው» አሉና ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

ሰዉ ሁሉ ተከተላቸው። እኔ መሃል ቀረሁ፣ ጫማዬን አስቀድሜ አውልቄያለሁ። መድረኩ ከሥሬ ማጎንበስ ጀመረ። «ዝናቡን የሰላም…» ሰዉ ደግሞ ተጋፋ። «አዝመራውን የበረካ…» መድረኩ አጎነበሰ፣ አጎነበሰ፣ ቆመ። ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ «አሚን!» ሲባል ወፎቹ ከውሃው ላይ ተነሱ፤ የኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። መምሬ ካሳ ደግሞ ቀጠሉና መረቁ፣ «አሜን!» ተባለ፤ መድረኩ ያንንም ቻለ። እልልታው ሲቀልጥ እኔ መድረኩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዛሬ ያ ቦታ ምን እንደሚመስል የሄደ ሰው ያውቃል። እሑድ የማንጎ ጭማቂ አለ፣ ከውሃው የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ይጠበሳል፣ ጀልባ አለ፣ መሰንቆ አለ፣ ሙሽራ በነጭ ቀሚሷ ሳትቆሽሽ ፎቶ ትነሳለች። አንዲት አሮጊት ከውጫሌ ድረስ መጥተው ጫፉ ላይ ቆመው «እንግዲህ ባሕር አየሁ፣ ይበቃኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል። ከሁሉ የበለጠው ግን የዚያች የሁለተኛዋ ዱዓ ቀን ነገር ነው።

ሰዉ እየወጣ መድረኩ ሲቀል ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። አያ ሙሔ ናቸው። ጫማቸውን በአንድ እጃቸው፣ ምርኩዛቸውን በሌላው ይዘው፣ እንደ ሕፃን እግራቸውን እየዘረጉ ከዳር እስከ መድረኩ መጡ። መሐላቸውን ምን አድርገውት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አልፈውኝ እስከ ጫፉ ሄዱ። ያን ዕድሜ ልካቸውን በቦይ ሲለኩት የኖሩትን ውሃ፣ በግራም በቀኝም በፊትም ሆኖ ሲከባቸው፣ ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ነጠላቸውን ነፋሱ ያርገበግበዋል። ከዚያ ሳይዞሩ ተናገሩኝ።

«አያ እንድሪስ።»

«አቤት አያ ሙሔ።»

«አጭር ናት። አስረዝሟት።»

በማግስቱ ጠዋት እንጨት ልመርጥ መርሳ ወረድኩ።